የመስኮት ጥርስ

ታላቅ እህቴ የጥርስ ሐኪም ናት። ሥራዋን ቆሜ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁ ቀን የገረመኝ ጉጠቱም መርፌውም አልነበረም፤ የገረመኝ ሰዉ ነው። ከመንገድ የገባ፣ እሷን አይቷት የማያውቅ ሰው በጀርባው ይንጋለልና አፉን ይከፍትላታል። ለሚስቱ የማያሳየውን፣ ራሱም በወጉ አይቶት የማያውቀውን ጓዳ ይከፍትላታል፤ ከዚያም ዓይኑን ይጨፍናል። ሰው ሰውን ይህን ያህል ሲያምን ሌላ የት አይቼ እንደማውቅ ባስብ ባስብ አልመጣልኝም።

እናታችንን ግን ይህ አይገርማትም። "እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የሰው አፍ ስፈራ ኖርኩ፤" ትላለች ከጎረቤት ጋር ስታወራ፤ "ልጄ ደግሞ እጇን ከታበት ትኖራለች።"

ክሊኒኩ ከአንድ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር በላይ ፎቅ ላይ ነው። ደረጃው ጠባብ ነው፤ ሰው ሁሉ አንድ እጁን ጉንጩ ላይ፣ አንድ እጁን ብረቱ ላይ አድርጎ ይወጣዋል። ከላይ አግዳሚ ወንበር ያለበት ማረፊያ አለ፤ ቀጥሎ የሕክምናው ክፍል፤ ከሱ በስተኋላ ዕቃ የሚታጠብበትና በእንፋሎት ከጀርም የሚመከንበት ጠባብ ክፍል። ማምከኛው እንፋሎቱን ሲለቅ አግዳሚው ላይ የተቀመጠው ሁሉ ይደነግጣል።

"አይዟችሁ፣ እሱ ነው እንጂ ሰው አይደለም የሚጮኸው" ትላቸዋለች ረዳቷ።

ይህች ረዳት ክሊኒኩ ከተከፈተበት ቀን ጀምሮ ከእህቴ ያልተለየች ነርስ ናት። እህቴ "ቀኝ እጄ" እያለች ስትጠራት ስሙ አጠረና "ቀኜ" ሆኖ ቀረ። ታካሚው ሁሉ ቀኜ ይላታል። ባሏም ሲናደድባት ቀኜ ይላታል አሉ።

እህቴ በጥንቃቄዋ የታወቀች ነበረች። በእሷ ክሊኒክ ለሁለት ሰው የዋለ መርፌ የለም። ዕቃው የታሸገበትን ወረቀት የምትከፍተው ታካሚው እያየ ነው፤ በሙቀት ብቻ የሚጠቁረውን ምልክት አውጥታ ታሳየዋለች። "ይኸው ጠቁሯል። ባይጠቁር ኖሮ አልነካህም ነበር።" ጓንቷን በየሰዉ ትቀይራለች፤ ስልክ ከነካች ደግሞ እንደገና ትቀይራለች። አንድ ሽማግሌ "ሚስቴ እንዲህ ተጠንቅቃልኝ ቢሆን ጥርሴም አይረግፍ ነበር" ብለው አስቀዋታል።

አንድ ነገር ግን መጀመሪያ ላይ ያስቸግራቸው ነበር። ታካሚው ተንጋልሎ፣ እህቴ በራስጌው ተቀምጣ፣ ቀኜ ማዶ ቆማ "ቀኝ" የሚለው ቃል ሲወረወር የማን ቀኝ እንደሆነ አይታወቅም። አንድ ቀን ቀኜ "የማን ቀኝ?" ብላ ጠየቀች፤ ከጥጡ ሥር ታካሚው "የኔ ነዋ፣ ሌላ የታመመ ሰው አለ እንዴ?" አለ። ሥራው በሳቅ ቆመ።

ከዚያ በኋላ ዘዴ አበጁ። ክፍሉ በአንድ በኩል መስኮት፣ በሌላው በኩል በር አለው። መስኮትንና በርን ደግሞ ማንም አያምታታም። ስለዚህ የታካሚው አንዱ ጎን የመስኮት፣ ሌላው የበር ሆነ። "የመስኮት ላይኛ መንጋጋ።" "የበር ክራንቻ።" ቀኜ በታካሚው ካርድ ላይ የመስኮቱን "መ"፣ የበሩን "በ" ብላ ትጽፋለች። ለአዲስ ታካሚም "እዚህ ቤት ግራ የሚባል የለም፤ ግራ የገባው ደጅ ይቀራል" ትለዋለች። እህቴ ይህን ስታጫውተኝ ተደንቄ ነበር። ሁለት ሴቶች ተነጋግረው ግራንና ቀኝን ከአንድ ክፍል አስወጥተው፣ በምትካቸው ብርሃንና መውጫ አስገቡ ብዬ ለጓደኞቼ አውርቻለሁ። ዓመታት በዚህ ቃል ሠሩ፤ አንድም ቀን አልተሳሳቱም።

ከመንገዱ ማዶ የልብስ ስፌት ሱቅ አለ። ባለቤቱ ጋሼ ልብስ ሰፊው ይባላሉ፤ የእህቴን ነጭ ጋውኖች የሚሰፉት እሳቸው ናቸው። ዶክተር ሆና የመጣችበትን ቀን አይተዋል፤ ሰው ሁሉ ዶክተር ሲላት እሳቸው "ልጄ" ይሏታል። "ኪሱን ጥልቅ አድርጌልሻለሁ፤" ይላሉ ጋውኑን ሲያስረክቡ፤ "ሐኪም ኪሱ ካልሞላ እጁ አይረጋም።"

አንድ ጠዋት ጉንጫቸው አብጦ፣ በሻሽ አስረውት መጡ። እህቴ አየቻቸው። የታመመችው ከታችኛው ክራንቻ ቀጥላ ሁለተኛዋ ጥርስ ናት። ከዓመታት በፊት በሁለቱም በኩል ይህችኑ ጥርስ ራሷ ሞልታላቸዋለች፤ ሁለቱ እንደ መንታ ይመሳሰላሉ። በራጁ ላይ ግን አንደኛዋ ሥሯ ጫፍ ላይ ጥቁር ጥላ ይዛለች።

"ሞታለች?" አሉ ጋሼ።

"ሞታለች።"

"እንግዲህ እንቅበራታ።"

"እብጠቱ ይውረድ መጀመሪያ" አለች እህቴ። መድኃኒት አዘዘችላቸው፤ ለቀኜም "የመስኮት ታችኛ፣ ከክራንቻ ሁለተኛዋ" አለቻት። ቀኜ "መ" ብላ ጻፈች።

በዚህ መሃል የታካሚው ወንበር ተበላሸ። ሲያቃስት የኖረ ነበር፤ አንድ ቀን መሃል ላይ ቀጥ አለ። ሌላ ወንበር ገዙ። የገጠመላቸው ባለሙያ የውሃው ቱቦ በወዲያኛው ግድግዳ በኩል ካልሆነ አይደርስም ብሎ ወንበሩን አዙሮ ተከለው፤ ድሮ እግር የነበረበት ራስጌ ሆነ። ሁሉም ደስ አላቸው። ቦታው ሰፋ፣ መብራቱም ተመቸ። ስለ ውሃው አሰቡ፣ ስለ መብራቱ አሰቡ፣ ስለ መሰኪያው አሰቡ። ስለ ቃሉ ያሰበ አልነበረም። ወንበሩ ከዞረ ወዲህ ለመጡት ታካሚዎች ቃሉ እንደ ወትሮው ሠራ፤ መስኮቱ ያው መስኮት ነው። ወንበሩ ሳይዞር ለታዩት ግን መስኮቱ ከአንዱ ጉንጫቸው ወደ ሌላው ተሻግሮ ነበር።

ጋሼ እብጠቱ ጎድሎላቸው፣ እያፏጩ መጡ። አግዳሚው ሞልቶ ነበር።

"ደህና ሆኛለሁ እኮ። ብንተዋትስ?"

"መድኃኒቱ ነው ያስተኛት ጋሼ። ትነቃለች።"

ቀኜ ካርዱን አየችና "የመስኮት ታችኛ፣ ከክራንቻ ሁለተኛዋ" አለች። ራጁን ከፖስታው ማንም አላወጣውም።

"የመስኮቷ ናት አይደል ጋሼ?"

አፋቸውን ከፍተው "እህ" አሉ። ሐኪም የተናገረውን ሁሉ "እህ" የሚሉ ሰው ናቸው።

አደነዘዘቻቸው። ጠበቀች። ድዱን ነካ ነካ አድርጋ አረጋገጠች፤ ከዚያ በጉጠቱ ያዘቻት። ከሥራዋ ሁሉ በዚህ ትኮራ ነበር፤ ሳትጎትት፣ ሳትታገል፣ ወዲህ ወዲያ እያደረገች ጥርሱ ራሱ ልውጣ እስኪል ድረስ ታባብለዋለች። ጥርሷ ወጣች። እህቴ እንደ ልማዷ ወደ መብራቱ አስጠጋቻት።

የታመመ ጥርስ ሥሩ ጫፍ ላይ መግል የቋጠረ ነገር ይዞ ይወጣል፤ ይሸታልም። ይህቺ ንጹሕ ነበረች። ሥሯ ዙሪያውን ቀላ ያለ እርጥብ ስስ ሽፋን ለብሷል። ሕያው ናት።

እህቴ ቀና ብላ መስኮቱን አየች። መስኮቱ እዚያው ነው። የጠዋቱ ብርሃን በጋሼ ቀኝ ጉንጭ ላይ አርፏል። የታመመችው ግን የግራዋ ነበረች። ማዶ ቀኜ የደም መምጠጫ ጎዝ እንደያዘች እጇ አየር ላይ ቀርቶ ነበር።

"ይንከሱ" አለች እህቴ፤ ጎዙን ከጋሼ አፍ አኖረች። ጥርሷን ደረቅ ጎዝ ላይ፣ ሳህኑ ላይ አስቀመጠቻት። ጓንቷን ሳታወልቅ ወደ ኋለኛው ክፍል ገባች። ቀኜ ተከተለቻትና በሩን ገርበብ አደረገችው።

"ምን አደረግን?" አለች ቀኜ በሹክሹክታ።

ቀኜ ጠጋ አለቻት።

"ስሚኝ። ሁለቱም የተሞሉ ናቸው። ሁለቱም ተበላሽተው ነበር ብንላቸው ማን ያውቃል? የወዲያኛዋንም ነቅለን..."

"ዝም በይ።"

"ደጅ ሰው ሞልቷል። አንድ ሰው ከሰማ ነገ ማንም ይህን ደረጃ አይወጣም። አንቺ ሐኪም ነሽ፣ ሌላ ቦታ ትቀጠሪያለሽ። እኔ ልጆቼን ይዤ የት ልግባ?"

እህቴ ማምከኛውን ተደግፋ ቆማለች። ማምከኛው ትኩስ ነበር፤ ጀርባዋን እያቃጠላት አልተነሣችም። በኋላ ይህን ስትነግረኝ "ቀኜ ያለችውን እኔ ከሷ በፊት አስቤው ነበር" አለችኝ። ምን ማድረግ እንዳለባት ታውቃለች። በስህተት የወጣ ጥርስ ወዲያው ከተመለሰ ይድናል። ወዲያው ካልተቻለም በንጹሕ ፈሳሽ ውስጥ ይቆያል፤ ወተትም ይሆናል። ሥሩን የሸፈነው ስስ ነገር እንዳይደርቅ ነው ነገሩ ሁሉ፤ ከደረቀ ሞተ። ይህንን ትምህርት ቤት ድረስ ሄዳ ለመምህራን አስተምራለች፤ ልጅ ወድቆ ጥርሱ ቢወልቅ እንዲህ አድርጉ ብላ። አሁን ግን ጥርሷ ከግድግዳው ማዶ ደረቅ ጎዝ ላይ ተኝታለች፤ እሷ እዚህ ቆማለች። ልትመልሳት ከሆነ ልትናገር ነው። ልትናገር ከሆነ አለቀላት። የቧንቧውን ጠብታ ስታይ እንደነበር ትናገራለች።

"ልጄ፣" የሚል ድምፅ መጣ ከወንበሩ፣ በጎዝ የታፈነ፤ "አለቀ ወይ?"

ያን ጊዜ ወጣች። በርጩማዋን ስባ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች። ጭምብሏን አወረደች።

"ጋሼ፣ ተሳስቻለሁ። የነቀልኩት ጤነኛዋን ነው።"

ጎዙን ከአፋቸው አወጡ። ምላሳቸው ባዶውን ቦታ ሲፈልግ በጉንጫቸው ላይ ይታይ ነበር።

"ይቺን?"

"እሷን። መልሼ ልተክላት እችላለሁ። ልትይዝም ላትይዝም ትችላለች። በእኔ እጅ መሆኑን ካልፈለጉ ሌላ ሐኪም ዘንድ አሁኑኑ እወስድዎታለሁ። ግን ቶሎ መሆን አለበት።"

ጋሼ ብዙ አላሰቡም። "ከንፈሬ በደህናው በኩል ሲደነዝዝ ታውቆኝ ነበር" አሉ። "ሐኪሟ እኔ አይደለሁ ብዬ ዝም አልኩ።" ከዚያ ተመልሰው ተንጋለሉ። "መልሻት።"

አናቷን ብቻ ይዛ ሥሯን ሳትነካ ሳላይን በሚባለው ንጹሕ የጨው ውሃ አጠበቻት። ወደ ቦታዋ መለሰቻት፤ በቀስታ ገፋ አድርጋ እስክትገጥም ያዘቻት። በቀጭን ሽቦ ከጎረቤቶቿ ጋር አሰረቻት። እጇ አልተንቀጠቀጠም። "ምነው ተንቀጥቅጦ በነበር" ብላኛለች።

ሲነሡ ጋሼ በግማሽ ፊታቸው ፈገግ አሉ። "አስር ጊዜ ለካ፣ አንዴ ቁረጥ የሚባለው ለኛ ብቻ ይመስለኝ ነበር። እኔም ልጄ፣ የሰው እጅጌ አዛውሬ ሰፍቼ አውቃለሁ። የኔ ግን ጨርቅ ነው፤ ይተረተራል።"

"ይቅር ይበሉኝ ጋሼ።"

"ስህተት ነዋ። ሆን ብለሽ አላደረግሽው። ወዲያው ነገርሽኝ፣ ወዲያው መለስሻት።"

ወዲያው አልነበረም። ይህን ግን እህቴ አላለችም።

የዚያን ዕለት ማታ እህቴ ከማዕድ ሳትቀርብ ተኛች። እናቴ በሩን ገፋ አድርጋ "ጥርስሽን ያመመሽ አንቺ ነሽ እንዴ?" አለቻት። እህቴ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

በማግስቱ ሥራው ተለወጠ። ወንበሩ ከመዞሩ በፊት የታዩትን ታካሚዎች ሁሉ ቀኜ አንድ በአንድ እየደወለች ጠራቻቸው፤ እንደገና ታዩ፣ "መ" እና "በ" ከካርዱ ሁሉ ተሰረዙ። ግራና ቀኝ ወደ ክፍሉ ተመለሱ። እህቴ አሁን የታካሚውን እጅ ይዛ "ይህ ግራ እጅዎ ነው፣ በዚህ በኩል ነው የምንሠራው" ትላለች። ራጁ ተሰቅሎ ካልበራ መርፌ አይነሣም። ታካሚው መስታወት ይዞ የሚያመውን ጥርስ በገዛ ጣቱ ያሳያል። ጉጠቱ ከመነሣቱ በፊት ደግሞ ሁሉም እጁን ያቆማል፤ ታካሚው፣ ቀኜና እህቴ የትኛው ጥርስ እንደሆነ በየተራ ይናገራሉ። ሦስቱ አፍ አንድ ነገር ካልተናገረ ጥርስ አይነቀልም።

"ምንድን ነው ይኼ፣ ፍርድ ቤት ነው?" አለ አንድ ነጋዴ።

"አዎ፤" አለች ቀኜ፤ "ፍርዱ ደግሞ ይግባኝ የለውም።" እሷ ስትቀልድ ከዚያ ወዲያ የሰማሁት ይህን ብቻ ነው።

የጋሼ የታመመችዋ ጥርስም በዚህ ሥርዓት ወጣች፤ ራሳቸው በጣታቸው አሳይተው። ነገሩን እሳቸው ለማንም አልተናገሩም። ግን ያን ቀን አግዳሚው ላይ የነበረ ሰው ጆሮ ነበረው፤ ከአፍ የወጣ ደግሞ አፋፍ ነው። "ግራና ቀኟን የማታውቀው ሐኪም" የሚል ነገር በሰፈሩ ዞረ። ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ጥርስ ስታክም የኖረችው እህቴ የሰው ጥርስ ውስጥ ገባች። አግዳሚው ሳሳ። የቀሩት ሌላ የሚሄዱበት የሌላቸውና ሕመሙ የጠናባቸው ነበሩ።

እሷ ግን ስለ አግዳሚው ብዙም አላወራችም። የምትጠብቀው አንድ ነገር ነበር፤ የጋሼ ጥርስ መያዟን። ሽቦው የተፈታ ዕለት ጥርሷ ቆማ ተገኘች። እህቴ የሥሯን ውስጥ አጽድታ አከመቻት። ቤት ገብታ "ያዘች" አለችኝ፤ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ። እናቴ ማን ማንን እንደያዘ ሳይገባት "እሰይ" አለች። እኔ ያን ሌሊት ሰው ከአካሉ ተለይቶ የወጣን ነገር መልሶ እንደሚቀበል እያሰብኩ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ወራት አለፉ። ጋሼ ለመታየት የመጡበትን ቀን የነገረችኝ ቀኜ ናት፤ እህቴ ስለዚያ ቀን ተናግራ አታውቅም።

ጋሼ ደስ ብሏቸው ነበር የመጡት። "ልጄ፣ ከእንግዲህ አትጨነቂ። እንደ ድንጋይ ሆናለች። ከሁሉም እሷ ነች የጠነከረችው።"

እህቴ የትንሿን የአፍ መመልከቻ መስታወቷን እጀታ ገልብጣ ከተመለሰችዋ ጎን ያለችውን ጥርስ መታ አደረገች። የታፈነ ድምፅ ሰጠች፤ ጤነኛ ጥርስ እንዲህ ነው። ሥሩና አጥንቱ መሃል ያ ስስ ሽፋን ስላለ ጥርሱ እንደ ፍራሽ ባለ ነገር ላይ ተቀምጦ ነው የሚኖር፤ ሲመቱት ድምፁ ይዋጣል። ከዚያ የተመለሰችዋን መታች። ብርጭቆ በማንኪያ እንደተነካ ጠርታ ጮኸች። ቀኜ ሰማች። እህቴ ደግማ መታች። ያው ነው። በጣቷ ልታነቃንቃት ሞከረች፤ ቅንጣት አልተንቀሳቀሰችም።

ሽፋኑ ሞቷል ማለት ነው። ጥርሷን አሁን የያዛት አጥንቱ ራሱ ነው። አጥንት ደግሞ የያዘውን የራሱ አካል ነው ብሎ ያስባል፤ ያፈርሰዋል፣ በቦታው ራሱን ይገነባል። ሥሯን ቀስ እያለ ይበላታል፤ አንድ ቀን አናቷ ብቻዋን ትወድቃለች። ጥንካሬዋ ራሱ በሽታዋ ነው። ይህን ቀኜ ስታስረዳኝ ደጋግሜ ጠየቅኳት፤ አላምን ብዬ።

እህቴ ለጋሼ እንዲሁ አስረዳቻቸው። ፈገግታቸው ፊታቸው ላይ ትንሽ ቆየና ጠፋ።

"መቼ ነው የምትወድቅ?"

"አላውቅም። ዓመታት ልትቆይ ትችላለች።"

"እንግዲህ ምን ይደረጋል፤" አሉ፤ እጃቸውን ዘርግተው ክንዷን መታ መታ አደረጉ፤ "የዕድል ነገር ነው። አንቺ የምትችይውን አድርገሻል።"

ቀኜ እንደምትለው እህቴ በዚያች ቅጽበት ዝም ብትል ኖሮ ነገሩ አልቆ ነበር። ጋሼ ይነሣሉ፣ ይመርቋታል፣ ይሄዳሉ። ቀኜ ራሷ በልቧ ዝም እንድትል ስትለምናት ነበር።

"የዕድል አይደለም ጋሼ" አለች እህቴ። "ያን ቀን ወዲያው አልመለስኳትም። ደረቅ ነገር ላይ ትቻት ወደ ኋላ ገባሁ። ልንገርዎት ወይስ ልደብቅዎት እያልኩ ቆሜ ነበር።"

ቀኜ "እኔ ነኝ እንደብቅ ያልኩት" አለች። ማንም አልሰማትም።

"ምን ያህል ቆምሽ?" አሉ ጋሼ።

"ጥርሷ እስክትደርቅ።"

ጋሼ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻል ነበር ትላለች ቀኜ። ደረታቸው ላይ የነበረውን መሸፈኛ አነሡ፤ የልብስ ሰፊ እጅ ነውና ጠርዝ ከጠርዝ አገጣጥመው አጠፉት፣ ወንበሩ ላይ አስቀመጡት። ተነሡ። ኮታቸውን ለበሱ፤ ቁልፉን እስከ ላይ ቆለፉ።

"እኔ ያን ቀን ይቅር ያልኩት ስህተቱን ነበር" አሉ።

"ጋሼ..."

"አመሰግናለሁ ዶክተር። እርስዎ ሥራዎን ይቀጥሉ፤ ሰው እየጠበቀዎት ነው።"

ይህን ሁሉ ዘመን "ልጄ" ሲሏት፣ "አንቺ" ሲሏት የኖሩ ሰው ናቸው። እህቴ ተከትላቸው እስከ በሩ ሄደች። "ጋሼ፣ አንቺ ይበሉኝ" አለች፤ ድምፅዋ እንደ ልጅ ድምፅ ነበር። እሳቸው ግን ደረጃውን መውረድ ጀምረው ነበር።

አግዳሚው ላይ አንዲት ሴት ብቻ ነበረች። ጉንጯ አብጧል፤ ሁለት ሌሊት እንዳልተኛች ዓይኗ ይናገራል። ቀኜ "ዶክተር፣ ላስገባት?" አለች። እህቴ እጇን እየታጠበች ነበር፤ ደግማ ሳሙና ቀባች። ቀኜ እንደገና ጠየቀች።

"ሌላ ቦታ ትሂድ በያት።"

"ሌላ ቦታ የት? እያቃሰተች እኮ ነው።"

ሴትየዋ ሳትጠራ ራሷ ገባች፤ መቆም አቅቷት ወንበሩ ላይ ወደቀች። እህቴ ጓንት አጠለቀች። ራጁን አነሣች፣ ሰቀለች፣ አበራች። የሴትየዋን ቀኝ እጅ ያዘች፤ "ይህ ቀኝ እጅሽ ነው" አለቻት። መስታወቱን ሰጠቻት። የሚያምሽን አሳዪኝ አለቻት፤ ሴትየዋ አሳየች። ቀኜም ተናገረች። አደነዘዘቻት። ጉጠቱ አጠገብ ደርሳ እጇን አቆመች፤ የትኛው ነው አለች፤ ሴትየዋ አሳየች፣ ቀኜ ተናገረች፣ ራሷም ተናገረች። ሦስቱም አፍ አንድ ነገር ተናገረ። እህቴ ጉጠቱን አላነሣችም።

"አሳዪኝ እስቲ" አለች።

ሴትየዋ በደነዘዘ ከንፈሯ እያጉተመተመች አሳየች።

እህቴ ወደ ራጁ ዞረች፤ ወደ ሴትየዋ ዞረች። ራጁን አውርዳ፣ ገልብጣ አይታ፣ እንደገና ሰቀለችው።

"አሳዪኝ።"

ሴትየዋ ማልቀስ ጀመረች። "ይቺ ናት አልኩሽ እኮ ዶክተር። ስንት ጊዜ ላሳይሽ?"

"አንድ ጊዜ ደግሞ" አለች እህቴ።